የቅርንጫፍ ካምፓስ ዕውቅና፦ ከመመዝገብዎ በፊት እንዴት ያጣራሉ?

የምዝገባ ወቅት በደረሰ ቁጥር ከባሕር ዳርም ሆነ ከወረታ፣ ከሐሙሲትና ከመራዊ የሚመጡ ተማሪዎችና ወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ «ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ዕውቅና አለው፤ እዚህ ባሕር ዳር የከፈተው ቅርንጫፍስ በዚያው ዕውቅና ያስተምራል ወይ?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ስለ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች «ፖሊ ለብቻው ዕውቅና አለው? ዘንዘልማስ?» ብለው ይጠይቁኛል። የሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚገኘው ዕውቅናው ለማን፣ ለየትኛው ትምህርትና ለየትኛው ቦታ እንደተሰጠ በመለየት ስለሆነ፣ ማጣራቱን ራስዎ እንዲያከናውኑት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ለግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚሰጠው የዕውቅና ፈቃድ ለተቋሙ ስም በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን በትምህርት መስክ፣ በደረጃ፣ በአሰጣጥ ዘዴና በካምፓስ ተለይቶ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው የአካውንቲንግ ፈቃድ የባሕር ዳሩን አካውንቲንግ አይሸፍንም፤ የባሕር ዳሩ የአካውንቲንግ ፈቃድም እዚያው ሕንፃ ውስጥ የሚሰጠውን የነርሲንግ ትምህርት አይሸፍንም።

የሚያስፈልጉዎት ነገሮች

- የተቋሙ ሙሉ ሕጋዊ ስም (በማስታወቂያው ላይ ያለው አጭር ስም አይበቃም)፤
- የሚማሩበት ሕንፃ ትክክለኛ አድራሻ፣ ማለትም ከተማው፣ ክፍለ ከተማውና የሕንፃው ስም፤
- ተቋሙ የሚያሳይዎት የዕውቅና ደብዳቤ ቅጂ ወይም በስልክዎ ያነሡት ፎቶ፤
- ኢንተርኔት ያለው ስልክ፤
- የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ዘመን ጎን ለጎን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ፤
- የሚያገኙትን መልስ ከነቀኑና ከመለሰልዎ ሰው የሥራ ኃላፊነት ጋር የሚጽፉበት ደብተር።

ደረጃ 1፦ የሚማሩትን ነገር በአምስት መስመር ይጻፉ

በደብተርዎ ላይ የትምህርት መስኩን፣ ደረጃውን (የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለተኛ ዲግሪ)፣ የአሰጣጥ ዘዴውን (መደበኛ፣ የማታና የሳምንት መጨረሻ፣ የርቀት)፣ ካምፓሱን፣ እንዲሁም ትምህርቱ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ዓመት ለየብቻ ይጻፉ። ለምሳሌ «ማኔጅመንት፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ መደበኛ፤ ባሕር ዳር ካምፓስ፤ ከዚህ መስከረም ጀምሮ አራት ዓመት» ብለው ማስቀመጥ ይችላሉ።

ይህ የሚያስፈልግበት ምክንያት ዕውቅና የሚሰጠው በአካል ተገኝቶ በሚደረግ ግምገማ በመሆኑ ነው። ገምጋሚዎቹ የመማሪያ ክፍሎችን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ የመምህራኑን የትምህርት ማስረጃና የቅጥር ውል፣ ሥርዓተ ትምህርቱንም ያያሉ። አዲስ አበባ ያለ ቤተ ሙከራ ባሕር ዳር ለሚቀመጥ ተማሪ አያገለግልም፤ እዚያ የተቀጠረ መምህርም እዚህ ክፍል ገብቶ አያስተምርም። ፈቃዱ ከቦታው ጋር የታሰረው በዚህ የተነሣ ስለሆነ፣ ከአምስቱ መስመሮች አንዱ እንኳ ከፈቃዱ ጋር ካልገጠመ ተሸፍኛለሁ ብለው አያስቡ።

ደረጃ 2፦ ቦታው ምን እንደሆነ ይለዩ

አንድ ስም የተለጠፈበት ሕንፃ ሁሉ ቅርንጫፍ ካምፓስ አይደለም። የሚከተሉትን ይለዩ።

የዩኒቨርሲቲ የውስጥ ክፍል፦ ፋኩልቲ፣ ኮሌጅ፣ ኢንስቲትዩት ወይም ትምህርት ቤት ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን እንውሰድ። ፔዳ፣ ፖሊ፣ ዘንዘልማ፣ ሰባታሚት ተብለው የሚጠሩት ግቢዎች በከተማው ልዩ ልዩ ቦታ የሚገኙ ቢሆኑም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ናቸው። በፖሊ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በዘንዘልማ ያለው የግብርና ኮሌጅ ዲግሪ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚቋቋሙት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሲሆን፣ የትምህርት ፕሮግራሞቻቸው በሴኔታቸው ይጸድቃሉ። ስለዚህ «ፖሊ ለብቻው ዕውቅና አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን የሳተ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ፕሮግራም በዩኒቨርሲቲው ሴኔት የጸደቀ ነው? ምዝገባዬስ በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መዝገብ ላይ ይገባል?» የሚለው ነው።

የግል ተቋም ቅርንጫፍ ካምፓስ፦ ይህ የራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለው ማጣራት በዋናነት የተጻፈው ለዚህ ነው።

የርቀት ትምህርት ማስተባበሪያ ማዕከል፦ ሞጁል የሚታደልበት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥበትና ፈተና የሚወሰድበት ቢሮ ነው። የርቀት ትምህርት ፈቃድ ከመደበኛው የተለየ ነው። በማዕከሉ ውስጥ በየቀኑ ክፍል ገብተው እየተማሩ ከሆነ፣ ማዕከሉ የርቀት ፈቃድ ቢኖረውም የእርስዎ ትምህርት በዚያ ፈቃድ አይሸፈንም። ማስረጃዎ ላይ የሚጻፈውም የተማሩበት ዘዴ ሳይሆን የተመዘገቡበት ዘዴ ስለሚሆን ነገሩ ኋላ ያስቸግራል።

በሌላ ተቋም ስም የሚመዘግብ ቢሮ፦ «ከእገሌ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር» የሚል ማስታወቂያ ካዩ፣ ስሙ ከተጠራው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ዘንድ በአካል ሄደው ይጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ባሕር ዳር ውስጥ ከሆነ በባጃጅ የሚያልቅ ጉዳይ ነውና ለዚህ አይስነፉ።

ደረጃ 3፦ የዕውቅና ደብዳቤውን ራሱን ይዩ

ወደ ቅርንጫፉ ሬጅስትራር ይሂዱና የዚህ ካምፓስ የዕውቅና ደብዳቤ እንዲያሳዩዎት በትሕትና ይጠይቁ። ፈቃዱ ያለው ተቋም ይህን ለማሳየት አይቸገርም፤ ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ነገር ግን የተሰቀለ ሁሉ የሚፈልጉት ፈቃድ ስላልሆነ ቀረብ ብለው ያንብቡት። በሚያነቡበት ጊዜ በደረጃ 1 የጻፏቸውን አምስት መስመሮች አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ ቀጥሎ ደግሞ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

የንግድ ፈቃድና የዕውቅና ፈቃድ አንድ አይደሉም። የንግድ ፈቃድ ድርጅቱ እንዲሠራ የሚፈቅድ ሲሆን የትምህርቱን ጥራት አይመሰክርም። ማኅተምና የባለሥልጣን ፊርማ ስላለበት ብቻ ብዙ ወላጅ በዚህ ይሳሳታል።

የሰጪውን መሥሪያ ቤት ስም ያንብቡ። የከፍተኛ ትምህርት ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከ2014 ዓ.ም. በፊት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ስለነበረ፣ በኤጀንሲው ስም የተጻፈ ደብዳቤ ቢያዩ ሐሰተኛ ነው ብለው አይደምድሙ። ይሁን እንጂ የቆየ ስለሆነ የፈቃዱ ዘመን ማብቃት አለማብቃቱን፣ ከዚያ ወዲህም መታደስ አለመታደሱን ይጠይቁ።

ቀኑን በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ ይለዩ። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። አንድ ወላጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈን የማብቂያ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንብበው፣ ያለፈበት ፈቃድ ገና ሰባት ዓመት የቀረው መስሏቸው ልጃቸውን አስመዝግበዋል።

በመጨረሻም ሕንፃውን ይመልከቱ። በከተማችን ብዙ ኮሌጆች በኪራይ ሕንፃ ስለሚሠሩ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው መዛወር የተለመደ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ገምጋሚዎች መጥተው ላዩት ቦታ ስለሆነ፣ ተቋሙ ከተዛወረ ለአዲሱ ቦታ የተሰጠውን ፈቃድ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ያዩትን ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ

ደብዳቤውን ማየት ግማሹ ሥራ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ሊሰረዝም ሊሻርም ይችላልና። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር ለሕዝብ ያሳውቃል። ዝርዝሩን ሲያገኙ የተቋሙን ስም አይተው አያቁሙ፤ በስሙ ሥር ካምፓሱንና መስኩን ይፈልጉ። ስሙ አለ፣ ካምፓሱ የለም ማለት ለእርስዎ ጉዳይ ፈቃድ የለም ማለት ነው።

በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ዝርዝር አይጠቀሙ። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን እንደ አዲስ ዳግም ስላስመዘገበ፣ ከዚያ በፊት የወጣ ዝርዝር ዛሬ ያለውን አያሳይም። ዝርዝሩ ግልጽ ካልሆነልዎ የተቋሙን ስም፣ ካምፓሱን፣ መስኩን፣ ደረጃውንና ዘዴውን ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ። «እገሌ ኮሌጅ ዕውቅና አለው ወይ?» ብለው ከጠየቁ «አዎ» ሊባሉ ይችላሉ፤ መልሱ እውነት ሆኖም እርስዎን ያሳስታል። ጥያቄው ሙሉ ካልሆነ መልሱም ሙሉ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትምህርት ካለ ይለዩት

ብዙ የግል ኮሌጆች በአንድ ጣሪያ ሥር የዲግሪ ትምህርትና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና (ከሌቭል 1 እስከ 5) ይሰጣሉ። ዲግሪው በፌዴራሉ ባለሥልጣን፣ የሙያ ሥልጠናው ደግሞ የክልሉን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በሚመራው ቢሮ በኩል ፈቃድ ያገኛል። አንዱ ሌላውን አይተካም። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ከሆኑ፣ የተቋሙ ፈቃድ እንዳለ ሆኖ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ለብቻው ወስደው ማለፍ እንዳለብዎ አይርሱ።

ደረጃ 6፦ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱ ከሆነ በሁለት ፎቅ ያጣሩ

ወደ አሜሪካ የሚያመለክቱ የባሕር ዳር ተመራቂዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ይህን ደረጃ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። የእነርሱ አሠራር ከእኛ የተለየ ስለሆነ የእኛን ሚዛን ይዘው ቢሄዱ ግራ ይጋባሉ።

የመጀመሪያው ፎቅ የተቋም ዕውቅና ነው። በአሜሪካ ዕውቅናውን የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን በፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የታወቁ ገለልተኛ የዕውቅና ኮሚሽኖች ናቸው። ኮሚሽኑ ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በሙሉ ሲሆን ፋኩልቲዎቹም ሆኑ በዕውቅናው ውስጥ የተካተቱት ካምፓሶች በዚያው ይሸፈናሉ። «በዕውቅናው ውስጥ የተካተቱት» የሚለውን ቃል ግን በጥብቅ ይያዙት። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ቅርንጫፍ ካምፓስ የሚባለው ከዋናው ርቆ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ቋሚ የሆነ፣ ወደ ዲግሪ ወይም ሰርተፍኬት የሚያደርስ ትምህርት የሚሰጥ፣ የራሱ መምህራንና አስተዳደር፣ የራሱ በጀትና የመቅጠር ሥልጣን ያለው ነው። ከዚህ የሚያንስ ሆኖ የአንድን ፕሮግራም ቢያንስ 50 ከመቶ የሚያስተምር ቦታ «ተጨማሪ ቦታ» ይባላል። ተቋሙ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት ለኮሚሽኑ የሥራ ዕቅድ ያቀርባል፤ ኮሚሽኑም ቅርንጫፉ ከተከፈተ በ6 ወር ውስጥ ሄዶ የማየት ግዴታ አለበት። ስለዚህ በአሜሪካው የትምህርት መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት ውስጥ የዋናውን ስም ካገኙ በኋላ፣ ከሥሩ የተዘረዘሩትን ቅርንጫፎችና ተጨማሪ ቦታዎች ከፍተው የእርስዎ ካምፓስ መኖሩን ይዩ።

አንድ ስም የሚጋሩ ካምፓሶች ሁሉ በአንድ ዕውቅና ሥር ናቸው ብለው አያስቡ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች፣ በርክሊም ሎስ አንጀለስም ሌሎቹም፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዕውቅና አላቸው። የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ፔን ስቴት) ካምፓሶች ግን በግዛቲቱ ተበትነው እያሉ እንደ አንድ ተቋም ዕውቅና ይዘዋል። ልዩነቱን ከስሙ ማወቅ አይቻልም፤ ከዝርዝሩ ብቻ ይታወቃል።

ሁለተኛው ፎቅ የሙያ ወይም የፕሮግራም ዕውቅና ነው። ኢንጂነሪንግ፣ ሕክምና፣ ሕግ፣ ነርሲንግና የመሳሰሉት የራሳቸው ዕውቅና ሰጪ አካላት አሏቸው። ኤቤት (ABET) የተባለው የምሕንድስና ፕሮግራሞች ዕውቅና ሰጪ አካል ዕውቅና የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነው፤ ሲቪል ምሕንድስናው ዕውቅና ኖሮት ጎረቤቱ ክፍል ላይኖረው ይችላል። የአሜሪካው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የኳታር ቅርንጫፍ የምሕንድስና ፕሮግራሞች የኤቤትን ዕውቅና የያዙት በራሳቸው እንጂ በዋናው ካምፓስ ዕውቅና ተጠልለው አይደለም። በሕክምና ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ኮሚቴ ለአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚሰጠው ዕውቅና በሌሎች ከተሞች ያሉትን የዚያው ትምህርት ቤት ካምፓሶች ይጨምራል። በመሆኑም መስክዎን ሳይለዩ «ቅርንጫፉ ይሸፈናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መልስ አያስገኝም።

ቅርንጫፉ በሦስተኛ አገር ያለ ከሆነ የሁለቱንም አገር ይጠይቁ፤ የእናት ተቋሙ አገር ዕውቅናና የቅርንጫፉ አገር ፈቃድ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ተመርቀው ሲመለሱ የውጭውን ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሠራልዎ እዚሁ ያለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ሁለቱን ማረጋገጫዎች ዛሬውኑ በእጅዎ ይያዙ።

ደረጃ 7፦ ማስረጃዎን ይያዙ፣ በየዓመቱም ይመልከቱት

የደብዳቤውን ፎቶ፣ የዝርዝሩን ገጽ፣ የምዝገባ ቅጽዎንና የክፍያ ደረሰኞችዎን በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ። በቅጹና በደረሰኙ ላይ የካምፓሱ ስም መጻፉን ያረጋግጡ፤ «ባሕር ዳር» የሚለው ከሌለ አስጽፈው ይውሰዱ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀጣሪ ማስረጃዎን ሲያስጣራ የትኛው ካምፓስ እንደተማሩ የሚመሰክሩልዎ እነዚህ ወረቀቶች ናቸው። ፈቃድ የጊዜ ገደብ ስላለው በትምህርትዎ መሐል ሊያበቃ ይችላል፤ በየመስከረሙ ደረጃ 4ን ይድገሙት።

ማስጠንቀቂያዎች

«እዚህ ይማራሉ፤ የምንመዘግብዎ ግን በዋናው ካምፓስ ስም ነው» ከተባሉ ወዲያውኑ ያቁሙ። ይህን ሐሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች ችግሩን የፈቱልዎ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን ባልተማሩበት ቦታ እንደተማሩ የሚናገር ማስረጃ እያዘጋጁልዎ ነው። ከወረታ የመጣች አንዲት ተመራቂ በዚህ መንገድ ባሕር ዳር ተምራ ዲግሪ ይዛ ነበር፤ ማስረጃዋ ሲጣራ በዋናው ካምፓስ መዝገብ ላይ ስሟ ሳይገኝ ቀረ፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ፈቃድ አልነበረውም። የአራት ዓመት ድካሟን የሚደግፍ አንድም ወረቀት አልተገኘም።

«ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት። ማመልከቻ ያስገባ ተቋም ሊፈቀድለትም ሊከለከልም ይችላል። ፈቃዱ ሲወጣ ይመዝገቡ።

ከማጣራትዎ በፊት ገንዘብ አይክፈሉ፤ የ12ኛ ክፍል ዋና ማስረጃዎንም ለማንም አስረክበው አይሂዱ። ቅጂ ይስጡ፣ ዋናውን አሳይተው ይመልሱ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

የመውጫ ፈተናን እንደ መድን መቁጠር ዋነኛው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ፈተናው የተማሪውን ዕውቀት ይለካል እንጂ ፈቃድ የሌለውን ፕሮግራም ፈቃድ እንዳለው አያደርገውም።

ሌላው፣ «እኅቴ እዚያው ተመርቃ ሥራ ይዛለች» በሚል መተማመን ነው። እኅትዎ የተማሩት በሌላ መስክ ወይም ፈቃዱ ባላለፈበት ዘመን ሊሆን ይችላል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪውን ፈቃድ አይተው ይመለሳሉ፤ ደረጃው የተለየ ስለሆነ ፈቃዱም የተለየ ነው። የክፍሉ ስም መመሳሰልም ያሳስታል፤ «ባንኪንግና ፋይናንስ» እና «አካውንቲንግና ፋይናንስ» ሁለት መስኮች ናቸውና ስሙን ቃል በቃል ያመሳክሩ።

ቀድመው ተመዝግበው ከሆነ

ትምህርት ጀምረው ፈቃዱ ለካምፓሱ እንዳልሆነ አሁን ከደረሱበት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የሚከተለውን ያድርጉ። በመጀመሪያ ለቅርንጫፉ ሬጅስትራር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ የመቀበያ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። በመቀጠል እስካሁን የወሰዷቸውን ኮርሶች ዝርዝርና ውጤት ያውጡ። ከዚያም በዚያው መስክ ፈቃድ ወዳለው ካምፓስ ወይም ተቋም ሄደው በዝውውር ይቀበሉዎት እንደሆነ፣ ስንት ኮርስ እንደሚይዙልዎም ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይውሰዱ። ፈቃድ በሌለው ቦታ የተወሰደ ኮርስ ላይያዝልዎ ስለሚችል፣ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ክፍያ ይህ መልስ እጅዎ እስኪገባ ድረስ አይፈጽሙ።